የማማ ፔኒና ለቅሶ

"ማህተሙ ተቆልፎበታል አልኩዎት እኮ፣ ማማ!"

"ቁልፉስ?"

"ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው።"

"ሊቀመንበሩስ?"

"ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"ስብሰባው የት ነው? ሄጄ ደጁ ላይ እጠብቃቸዋለሁ።"

የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካና ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ስብሰባ ስለመኖሩ ራሱም እርግጠኛ አልነበረም። ፔኒና ናሳምቡ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ እዚያች የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ አሁን ስድስት ሊሆን ነው። የፈለገችው ደግሞ ትልቅ ነገር አይደለም፤ አራት መስመር ደብዳቤ ነው። "ፔኒና ናሳምቡ ዛሬም የፓርቲያችን አባል ናት፤ የትም አልሄደችም" የሚል፣ ከሥሩ ክብ ማህተም ያረፈበት።

ነገሩ የመጣው ማለዳ ነው። በማግስቱ የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ይደረጋል፤ ለወረዳው ምክር ቤት ማን እንደሚወዳደር የሚለይበት። በዚያ አካባቢ የውስጡን ምርጫ ያሸነፈ የውጪውንም አሸነፈ ማለት ነው፤ ዋናው ምርጫ ለወጉ ያህል ነው የሚደረገው። የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ፔኒና፣ ገበያው ዳር ወፍጮ ቤት ያላት፣ የማን ቤት በቆሎ ደረቅ እንደሆነ የማን እርጥብ በድምፁ የምትለይ ሴት። ሁለተኛው ወንበሩ ላይ አሥር ዓመት የተቀመጠው ክቡር ጆናታን ሉስዌቲ። ባለፈው ክረምት የወንዙ የእግር ድልድይ ሲፈርስ ሉስዌቲ መጥቶ ፎቶ ተነሣና ሄደ። ፔኒና ደግሞ የወፍጮ ቤት ደንበኞቿን አስተባብራ ለጊዜው ጣውላ አስመታችበት። ከዚያ ወዲህ የሰው ልብ ወደ እሷ ማዘንበሉን ሉስዌቲም አውቆታል።

እና ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የወረዳው ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። መልእክቱ በፓርቲው ስም የተላከ ነው።

"በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን። ውድ እህታችን ማማ ፔኒና ናሳምቡ ዛሬ ማለዳ ተለየችን። ወደ ተቀናቃኙ ፓርቲ ተሻግራ ፈርማለች። ነገ ስሟ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ቢኖርም አትምረጧት።"

ማን እንደጻፈው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የሉስዌቲ የቅስቀሳ አለቃ ክሪስፒነስ ነው። ክሪስፒነስ አሳምሮ ካልጻፈ እጁን ይበላዋል፤ የከብት ክትባት ማስታወቂያ ስጡት ቢባል እንኳ አንባቢን ሳያስለቅስ አይለቅም።

ፔኒና ግን እንኳን ልትፈርም፣ የተቀናቃኙን ፓርቲ ቢሮ በሩ በየት በኩል እንደሆነ አታውቅም። ወንበሩ ቢቀርባት ትችለው ነበር። ያንገበገባት "ከሃዲ" መባሏ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዱቄት ስትሰፍር ከአንድ ሰው ጣሳ ላይ እፍኝ ሰርቃ አታውቅም፤ ዛሬ ግን የሁለት ደቂቃ ውሸት ሌባ አድርጓት አረፈ።

"ይኸው ደግሞ ሌላ!" አለች ሮዝሊን፣ አጠገቧ ሆና የፔኒናን ስልክ እያየች። ሮዝሊን ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች፤ ከወር ወዲህ ደግሞ የፔኒና የቅስቀሳ አለቃ ናት። ከሁለቱም ሥራዋ ጋር የሚሄድ ጉሮሮ አላት። "'ሆዳም' ይልሻል ይሄኛው። ይሄኛው 'ስንት ከፈሉሽ' ነው የሚለው። ይሄ ደግሞ... እንዴ! 'ነፍስሽን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን' ይላል! ሊገድሉሽ ነው! ሰማህ አንተ ባለ ማህተሙ? ሊገድሏት ነው!"

"ማነው የላከው?" አለች ፔኒና።

"ማማ ኮንሶላታ።"

"ኮንሶላታ? ሰማንያ ዓመቷ እኮ ነው። በምኗ ነው የምትገድለኝ?"

"ልጆች የሏትም?"

ፔኒና ስልኩን ተቀብላ አጠፋችው። የሰው ስድብ በኪሷ ይዛ መዞር ሰልችቷታል። ሠራተኛው ከሰኞ በኋላ እንዲመለሱ ነገራቸው። ምርጫው ነገ ቅዳሜ መሆኑን ሮዝሊን ሦስት ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ አስረዳችውና ወጡ።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው ወደ ቤት ሲመለሱ ፔኒና ዓይኗን በመስኮቱ የሸንኮራ አገዳው ላይ ጣለች። ሮዝሊን ዝምታ አትችልም።

"ደብዳቤው ባይኖርም አፍ አለሽ። ገበያው መሀል ቆመሽ 'አልሄድኩም' ትያቸዋለሽ።"

"የሄደ ሰውም እኮ 'አልሄድኩም' ነው የሚለው።"

"በመጽሐፍ ቅዱስ ማይ።"

"ሉስዌቲ ስንት ጊዜ ምሏል? ድልድዩን እሠራለሁ ብሎ እንኳ ሦስቴ ምሏል።" ፔኒና የነጠላ ጫማዋን ማሰሪያ ነካካች። "እኔ እንጃ ሮዝሊን። ልተወው ይሆን? ወፍጮዬ አለችኝ። ባሌ ፕሮተስ አለልኝ። ምን ጎደለኝ?"

"ድልድይ" አለች ሮዝሊን።



መገንጠያው ላይ ሲወርዱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። መጀመሪያ ያስደነገጣቸው ገበያው ነው። ዓርብ ዋናው የገበያ ቀን ሆኖ ሳለ አንድም ሻጭ የለም። የስኳር ድንቹ ክምር ሸራ ለብሷል፣ የፀጉር ቤቱ ሬዲዮ ጠፍቷል፣ ስጋ ቤቱ ዝግ ነው። ማንዳዚ የሚሉትን የዘይት ዳቦ የምትጠብሰው ሴት ምድጃዋን እንኳ አላነደደችም። የፔኒና ወፍጮ ቤት በር ላይ ደግሞ አንድ ሰው የአበባ ቅርንጫፍ ሰክቶበታል።

"ምንድነው ይሄ?" አለች ፔኒና።

ከኮረብታው በላይ፣ ከቤቷ በኩል፣ ከበሮ ተሰማ። ቀና ስትል ከሙዝ ተክሏ በላይ የሰማያዊ ድንኳን ጫፍ አየች። ከዚያ ሁለተኛ ድንኳን። ግቢዋ ደጃፍ ላይ መኪናና ሞተር ሳይክል ተደርድሯል፤ ሴቶች የማገዶ እንጨት ተሸክመው ይገባሉ። እንዲህ ያለ ድንኳን በዚያ አገር የሚተከልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው።

ፕሮተስ!

ባሏ የደም ግፊት አለበት። ጠዋት ስትወጣ ኪኒኑን መዋጡን አልጠየቀችውም፤ በዚያ በተረገመ መልእክት ተናዳ ሻዩን እንኳ ሳትቀዳለት ነው የወጣችው። ስልኳን ደግሞ አጥፍታዋለች። እየደወለላት ሞቶ ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ኖራ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ለማህተም ብላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

"ፕሮተሴን! ወይኔ ፕሮተሴን!" እያለች ዳገቱን መሮጥ ጀመረች። ሮዝሊን ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላዋ እየሮጠች አለቀሰች።

የሙዝ ተክሉ ዘንድ ሲደርሱ ከበሮው ቆመና ድምፅ ማጉያው በሉስዌቲ ድምፅ ጮኸ።

"...እንግዲህ ወገኖቼ፣ ምን እላችኋለሁ? ውድ እህታችን ማማ ፔኒና ናሳምቡ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንደ እናት ያበላችን፣ እንደ አባት የመከረችን..."

ፔኒና ባለችበት ቀጥ አለች።

"ሮዝሊን፣ ማን ሞተ አለ?"

ሮዝሊን እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "አንቺ" አለች።

በዚህ መሀል አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በሙዙ ቅጠሎች መሀል ብቅ አለ። ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፏል። ፕሮተስ ነበር። ጡረተኛው መምህር ፕሮተስ፣ የሰርጉን ጥቁር ኮት አልብሰውት፣ ከረባቱን አጣመው አስረውለት።

"አንቺ ሴትዮ! ለምንድነው ስልክ የምትዘጊው?"

ፔኒና ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። "ሞተህ መስሎኝ! ሞተህ መስሎኝ እኮ!"

"እኔ ምን ሆኜ እሞታለሁ? ሟቿ አንቺ ነሽ። አርባ ጊዜ ደወልኩልሽ!"

"ምን ጉድ ነው ግቢያችን ውስጥ ያለው?"

ፕሮተስ ወደ ኋላው ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የክሪስፒነስ መልእክት ረጅም ነው አይደል? የድሮዎቹ ትንንሾቹ ስልኮች ረጅም መልእክት ሲመጣላቸው ሁለት ቦታ ይቆርጡታል። ፊተኛው ግማሽ ማለዳ ደረሰ። ኋለኛው እስካሁን የለም።"

ሮዝሊን የፕሮተስን ስልክ ተቀብላ ድምፅ አውጥታ አነበበችው፦ "'በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን። ውድ እህታችን ማማ ፔኒና ናሳምቡ ዛሬ ማለዳ ተለየችን።'" ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። "አያችሁ ኮንሶላታን! ስድብ አይደለም፣ ጸሎት ነው!"

"ሦስት ሰዓት ላይ ድንኳን ጭነው መጡ" አለ ፕሮተስ። "'ፔኒና ደህና ናት፣ ከተማ ሄዳለች' አልኳቸው። 'አይዞህ መምህር፣ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነው የሚያደርገው' አሉኝ። 'በሕይወት አለች!' ብዬ ጮኽኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ያዙኝ። 'እሺ፣ ደውልላት' አሉኝ። ደወልኩ፣ ዝግ ነው። 'አየህ?' አሉኝ። እኔም ከቀትር በኋላ ትንሽ መጠራጠር ጀምሬ ነበር።"

"ሬሳው የታለ ያለ ሰው የለም?"

"ከተማ ሄዳለች ስል፣ ከተማ ሆስፒታል ሬሳ ክፍል ናት ብለው ተረዱኝ።"

ፔኒና ሳቋ መጣ። ከዚያ ማለዳ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች፤ እፍን አድርጋ ልትይዛት ብትሞክርም በአፍንጫዋ አመለጠቻት።

"ቆይ ግን" አለች ሮዝሊን፣ የአለቃነት ፊቷ ተመልሶ። "ስማርት ስልክ ያላቸው ሙሉውን አንብበዋል። እነሱስ ምን ይላሉ?"

"ለቅሶ ነው፣ መጥተዋል። ግን ያጉረመርማሉ። 'ጠዋት ፓርቲዋን ከዳች፣ ረፋዱን ሞተች፤ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው' የሚል አለ። ከወንበር ወንበር እየተዘዋወረ ነው ወሬው።"

ፔኒና ፈገግታዋ ጠፋ። በሕይወት መኖሯን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ብቅ ማለት ነው። አለመክዳቷን ግን በምን ታስረዳ?

"እና ይሄ ሉስዌቲ ምን ይሠራል ቤቴ?"

"ትናንት ናይሮቢ ነበር። ሲመለስ መንገድ ላይ ሳለ 'ፔኒና ሞተች' ሲሉት መኪናውን በቀጥታ ወደዚህ አዞረ። ክሪስፒነስ ምን እንደጻፈ የሚያውቅ አይመስለኝም። 'የምታደርገውን አድርግ፣ ለኔ ግን አትንገረኝ' ነው አሉ የሚለው ሁልጊዜ።"

ይህን ለማመን አይከብድም። በዚያ ወረዳ ሠርግ የቀረ ፖለቲከኛ ይቅር ይባላል፤ ለቅሶ የቀረ ግን አለቀለት። የሟች ደጋፊዎች ደግሞ ነገ ጠዋት ባለቤት የሌለው ድምፅ ይዘው ነው የሚሰለፉት። ሉስዌቲ ሁለት ገጽ ንግግር መኪና ውስጥ ጽፎ መምጣቱ አይገርምም።

"ልውጣ" አለች ፔኒና።

ሮዝሊን ክንዷን ያዘቻት። "ትንሽ ቆይ። በሕይወት ያለ ሰው ይሄን ዕድል መቼ ያገኛል? ምን እንደሚሉሽ እንስማ።"

እና ሦስቱም የሙዝ ቅጠል ገለጥ አድርገው ሰሙ።

"ድልድያችን በፈረሰ ጊዜ" አለ ሉስዌቲ፣ መሐረቡን ዓይኑ ላይ እየነካካ፣ "ማን ነበር ቀድሞ የደረሰው? ማማ ፔኒና ናት! እኔ ራሴ አልቀደምኳትም!"

"ማፈሪያ፣ ተከትለሃታልም እንዴ!" አለች ሮዝሊን በሹክሹክታ።

"በዚያ የረሀብ ዓመት ለመበለቶች በነፃ የፈጨው የማን ወፍጮ ነበር?"

"የፔኒና!" አለ ሕዝቡ። ከኋላ በኩል አንዲት ሴት እሪ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፔኒና አንገቷን አስግጋ አየች፤ ፊሎሜና ናት። በወፍጮ ተራ የተነሣ ለአራት ዓመት ያኮረፈቻት ፊሎሜና። "ተራው የኔ አልነበረም እህቴ! ተራው የኔ አልነበረም!" እያለች ደረቷን ትመታለች። የፔኒና ጉንጭ ጋለ፤ ዓይኗ ሞላ። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ እንባ ስታይ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ይህን የሰማ ሰው ነገ በእውነት ቢሞትም አይቆጨውም ብላ አሰበች።

በዚህ ቅጽበት አንድ ሞተር ሳይክል እያጓራ ግቢው ውስጥ ገባና ክሪስፒነስ ዘሎ ወረደ። ሌሊቱን ሲሮጥ አድሮ ተኝቶ የዋለ ይመስላል፤ ሸሚዙን የቆለፈው አዛንፎ ነው። ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ እያነሣ ለሉስዌቲ ምልክት መስጠት ጀመረ። ተው፣ ተው፣ ማለቱ ነው። ሉስዌቲ አየው፤ ድምፅህን ጨምር ያለው መሰለው።

"አዎን!" ብሎ ጮኸ ሉስዌቲ። "እንደ እሷ ያለች ሴት ይህ ወረዳ ዳግም አያገኝም!"

ክሪስፒነስ አንገቱን በእጁ እየቆረጠ አሳየ።

"ልባችን ተቆርጧል!" አለ ሉስዌቲ።

ክሪስፒነስ ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በአቅራቢያው የነበሩት ሰዎች ሐዘኑ በርትቶበት ነው ብለው ትከሻውን ደገፉት።

ያን ጊዜ ማማ ኮንሶላታ ምርኩዟን ይዛ ለጉዳይዋ ወደ ሙዙ ተክል መጣች። ቅጠሉን ገለጥ ስታደርግ ከሟቿ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

አሮጊቷ አልጮኸችም። ምርኩዟን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና በቀኝ ጣቶቿ የፔኒናን ክንድ ጠምዝዛ ቆነጠጠቻት።

"ኧረ አመመኝ!" አለች ፔኒና።

"ሥጋ ናት!" አለች ኮንሶላታ፣ ለሰማንያ ዓመት ሴት በማይገባ ድምፅ። "ሥጋ ናት! ኑ! ትሞቃለች!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል የሚናገር ሰው እስካሁን አልተገኘም። ወንበር ተገለበጠ። ሁለት ጎረምሶች ወደ ወንዙ ሮጡ። ፊሎሜና ፔኒና ላይ ተንጠልጥላ "ተራው የኔ አልነበረም" ማለቷን አላቆመችም። ከበሮ መቺዎቹ የሐዘኑን ምት ጣሉና የሠርጉን ያዙ፤ ለቀብር የመጡት ዶሮዎች ከቅርጫታቸው አምልጠው በጨፋሪዎች እግር መሀል ተበተኑ። ፕሮተስ ከሽማግሌዎቹ ፊት እየዞረ "ምን አልኳችሁ? ምን አልኳችሁ?" ይላል። ፔኒናን ከመሬት አንሥተው፣ በሰው እጅ ላይ አሳልፈው፣ ሉስዌቲ አጠገብ አቆሟት።

ሉስዌቲ አመድ መስሏል። እግዜር ይስጠው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው አጣ።

"እንኳን... እንኳን ለዚህ አበቃዎት" አለ በመጨረሻ።

"እንኳን አብሮ አበቃን" አለች ፔኒና።

"ማይኩን ስጧት!" ሕዝቡ ጮኸ። ወዲያው ደግሞ ከስማርት ስልክ ባለቤቶች መሀል አንድ ሰው "ትናገር! ፓርቲ ቀይረሻል ወይስ አልቀየርሽም?" አለ። ጭፈራው ረገብ አለ። ጥያቄው የሁሉም መሆኑን ፔኒና ከፊታቸው አነበበች።

ሮዝሊን ከጎን መጥታ ጆሮዋ ላይ ተለጠፈች። "የክሪስፒነስን ስም ጥሪ! ይኸው እዚያ ቆሟል። ማን እንደጻፈው ንገሪያቸው፣ ዛሬውኑ ይጨርሱታል።"

ፔኒና ማይኩን ያዘች። ሉስዌቲ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ሊያጥፈው ሲል ዓይኗ ሁለተኛው ገጽ ላይ አረፈ። ጽሑፉ ትልልቅ ነው፤ በሚሄድ መኪና ውስጥ የተጻፈ ቢሆንም ይነበባል። ሉስዌቲ በንባቡ ገና ያልደረሰባት መስመር እንዲህ ትላለች፦ "እኔ ጆናታን ሉስዌቲ እመሰክራለሁ፤ ማማ ፔኒና ለአንዲት ቀን እንኳ ፓርቲዋን አልከዳችም። ከፓርቲያችን የለያት ሞት ብቻ ነው።"

የሟችን ደጋፊዎች ለመውረስ የተጻፈች ዓረፍተ ነገር ናት። ፔኒና ሁለቴ አነበበቻት። ከጠዋት ጀምሮ በልቧ ያዘጋጀችው መከላከያ፣ መሐላው፣ የክሪስፒነስ ስም፣ ሁሉም አፏ ላይ ነበሩ። ክሪስፒነስን አየችው፤ ኮፍያውን አንሥቶ እንደ ተማሪ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

"ክቡር ተወካያችን እኮ ገና አልጨረሱም" አለች በማይኩ። "የለቅሶ ንግግር መሀል ላይ መቋረጥ የለበትም። እኔም የሚባልልኝን እስከ መጨረሻው ልስማ እንጂ!"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። "ያንብብ! ያንብብ!" አሉ፤ ስማርት ስልክ ያላቸው ስልካቸውን ወደ ላይ አንሥተው መቅረጽ ጀመሩ። ሉስዌቲ ወረቀቱን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ክሪስፒነስን አየ። ፔኒና ማይኩን እጁ ላይ መልሳ አስያዘችው፤ የታጠፈውን ገጽ ዘረጋችለትና ጣቷን መስመሯ ላይ አሳረፈች።

"ከዚህች ይቀጥሉ፣ ክቡርነትዎ። ኋላ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብለው።"

ከዚያ ሄዳ ለሟች ቤተሰብ በተዘጋጀው ወንበር ላይ፣ ፕሮተስ አጠገብ ተቀመጠች።